አያ ኤሊና መኪና ማንሻው

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት መኪና ይነዱ በነበረበት ዘመን፣ አያ ኤሊ የሚባል መካኒክ ነበር። ጋራዡ ከቤቱ ጓሮ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መኪና ሲጠግን ከሥር ገብቶ በጀርባው ይተኛል። ኤሊ ደግሞ በጀርባው ከተኛ መነሳት አይሆንለትም። ስለዚህ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ጎረቤቱን እመት ጃርትን ይጣራል፤ እሷም መጥታ ትገለብጠዋለች። እሾኋ ቢወጋውም ያመሰግናታል፤ ሌላ ጎረቤት የለውማ።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣ።

«መኪናዬ ከሥር ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ቅዳሜ አመጣታለሁ» አለ። ከዚያም ድምፁን አለስልሶ፣ «ለመሆኑ ከሥር ስትተኛ ብቻህን ነህ?» ሲል ጠየቀ።

አያ ኤሊ ነገሩ ገባው። እሺ ቢል ሊበላ ነው። እምቢ ቢል ጅቡ ይቀየማል፤ የተቀየመ ጅብ ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም።

«እንግዲህ ቆሜ እሠራለሁ» ብሎ ቆረጠና መኪና ማንሻ አስመጣ። ማንሻው ሁለት ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ያሉት ዝምተኛ ነበር።

«የት ልቁም?» አለ ማንሻው።

መሀሉን የሥራ ጠረጴዛው ይዞታል። «እኔ ከአባትህ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ነኝ። ለመጤ አልነሳም» አለ።

አያ ኤሊ ታላቅ አክባሪ ነውና ማንሻውን ጥግ አቆመው። አሮጌ መኪናውን አስገብቶ ቢሞክር፣ በሯ ከግድግዳው እየተጋጨ አልከፈት አለ። በመስኮት ወጣ። ለኤሊ ቀላል አይደለም።

«የት ልቁም?» አለ ማንሻው።

ሌላኛውን ጥግ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ይዞታል። «ከነካኸኝ እደፋለሁ» ሲል አስፈራራ። አያ ኤሊ ማንሻውን ወደ መግቢያው ወሰደው። አሁን ደግሞ የመኪናዋ ግማሽ ደጅ ቀረ፤ የጋራዡም በር አልዘጋ አለ።

«ለጅብ በር ከፍተህ ልትጠብቀው ነው?» አለች እመት ጃርት።

«የት ልቁም?» አለ ማንሻው ለሦስተኛ ጊዜ።

አያ ኤሊ ይህን ጊዜ ያለውን ዕቃ ሁሉ ግቢ አወጣ። ጠረጴዛው እስኪወጣ ድረስ የአያ ኤሊን አባት ስም እያነሳ ያጉረመርም ነበር። በባዶው ወለል ላይ መኪናዋን ከነተከፈቱ በሮቿ በከሰል ሣለ። ከዚያ ቀና አለ።

«እሜቴ ቆርቆሮ፣ መኪና ሲነሳ ይነካሽ ይሆን?»

«ዳር ዳሩን ዝቅ ያልኩ ነኝ፤ መሀል ላይ ግን ከፍ እላለሁ» አለች ጣሪያዋ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ አልነበረም።»

ማንሻው መሀል ላይ ቆመ፤ በብሎንም ከሲሚንቶው ጋር ታሰረ። በርሜሉ ሳይደፋ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠጋ፤ መደገፉም ለወገቡ ተስማማው።

ቅዳሜ አያ ጅቦ ምሳውን ሳይበላ መጣ። መኪናው ሽቅብ ተነሳች። አያ ኤሊ ከሥሯ ቀጥ ብሎ ቆሞ መፍቻውን አነሳ።

«አያ ኤሊ፣ ዛሬ አትተኛም እንዴ?»

«እንቅልፌን ጨርሻለሁ፣ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ መኪናው ተጠግናለት፣ ባዶ ሆዱን ተመለሰ።

መሀል ቦታ ሸክም ለሚያነሳ ነው እንጂ ቀድሞ ለመጣ አይደለም። እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ እናንተ አንሱት።