ንግሥቲቱ ነጋሪቱን ለምን ታስቆም ነበር?

አንድ ንጉሥ ከሐይቅ ማዶ የመጣች ሚስት ነበረችው። አባቷ ለሰላም ሲል ድሯት የመጣች፣ ከዚያም ወዲህ አገሯን ያላየች ንግሥት ናት። የንጉሡን ቋንቋ የተማረችው ከመጣች በኋላ ነው፤ ግን ተማረች ብቻ አይባልም፣ ተካነችበት። ችሎት ላይ ተቀምጣ ስትፈርድ የሰማ ሁሉ "አፏን የፈታችው እዚሁ ነው" ይል ነበር። ንጉሡ በበኩሉ ከእሷ ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ አያውቅም። ምን በወጣው! ንጉሥ አይደል?

ንግሥቲቱ አንድ ጠባይ ነበራት። ንጉሡ ሊያነጋግራት ሲጀምር በግቢው የሚመታውን ነጋሪት ታስቆማለች። ዝናብ ከሆነ መስኮቱን ታስዘጋለች። ከዚያ ከንፈር ከንፈሩን እያየች ታዳምጣለች። መኳንንቱ "ኩራተኛ ናት፣ ነጋሪታችንን ትንቃለች" እያሉ ያሟታል። ንጉሡ ደግሞ እንዲያ የምታየው በፍቅር ነው ብሎ ደስ ይለው ነበር። ራሷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ንግሥቲቱን ጽኑ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ቢበርድላትም አቅሟ ሁሉ አልቆ ነበር። ንጉሡ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ "እንዴት ነሽ?" ይላታል፤ ትክ ብላ ታየዋለች። "ምን ላምጣልሽ?" ይላታል፤ ግንባሯን ቋጥራ ዝም ትላለች። ሐኪሞቹ ጆሮዋም አእምሮዋም ሄዷል አሉ። መኳንንቱም ጊዜ አላጠፉም።

"ጃንሆይ፣ ንግሥቲቱ ከእንግዲህ የሰው ቃል አይሰሙም" አሉት። "ወደ ገዳም ይሂዱና በቦታቸው ሌላ ትተካ። የፊታችን እሑድ በጉባኤ ይወሰን።"

ንጉሡ ሚስቱን ይወዳት ስለነበር እህል ውሃ አልዋጥለት አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከመወሰኑ በፊት በአገሩ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ጠቢብ አስጠራ። ጠቢቡ ገብቶ ከንግሥቲቱ ኋላ አንድ ሳህን መሬት ላይ ጣለ። ንግሥቲቱ ደንግጣ ዞረች።

"ጆሯቸውስ ደህና ነው" አለ ጠቢቡ። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞሮ "ጃንሆይ፣ የጎረቤታችንን አገር ቋንቋ ያውቃሉ ይባላል። እውነት ነው?" ሲል ጠየቀ።

"እንዴታ! ከመልእክተኞቻቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ ነው የምነጋገረው።"

ጠቢቡ ንጉሡን ሰገነት ላይ አስቀምጦ በግቢው ያሉት ነጋሪቶች ሁሉ እንዲመቱ አዘዘ። መጀመሪያ የንጉሡ በረኛ ከግቢው ማዶ ቆሞ ስለ ታመመ ፈረስ አወራ። ንጉሡ ሁሉን ተረዳ። ቀጥሎ የጎረቤት አገር መልእክተኛ በዚያው ቦታ ቆሞ፣ በዚያው ድምፅ፣ ያንኑ ወሬ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። ንጉሡ አንገቱን አሰገገ፣ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ከሰገነቱ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከወሬው ሁሉ ግን "ፈረስ" የምትለውን ብቻ ያዘ።

"ይህ ሰው ያጉረመርማል" አለ ተቆጥቶ።

"አያጉረመርምም ጃንሆይ። ነጋሪቱ ለሁለቱም እኩል ነው የተመታው። የበረኛዎም ቃል የደረሰዎት ተሰባብሮ ነው። ግን የእናትዎ ቋንቋ ስለሆነ፣ የቃሉ ቁራጭ ከደረሰዎት ልብዎ ቀሪውን ይሞላዋል። ተናጋሪው ሳይጨርስ እርስዎ ደርሰው ይጠብቁታል። በተማሩት ቋንቋ ጊዜ ግን አንድ ቃል ሲመጣ የሚመስሉት ሌሎች ቃላት 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' እያሉ ይንጋጋሉ። የእናትዎ ቋንቋ ቃላት ሳይቀሩ ይጋፋሉ። ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ትክክለኛውን እስኪለዩ ተናጋሪው ጥሎዎት ሄዷል። ጤነኛ ሰው ሮጦ ይደርስበታል። የታመመ ሰው ግን በምን ጉልበቱ ይሩጥ?"

ንጉሡን የጆሮው ሥራ ለራሱ ደነቀው። ዕድሜውን ሙሉ በውስጡ እንዲህ ያለ ተአምር ሲሠራ አንድም ቀን አላወቀም ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ። በግብር ማዕድ ላይ ሲቀልድ ሚስቱ ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ትንሽ ዘግይታ ነበር የምትስቀው።

"ታዲያ ሚስቴ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት..."

"አዎን ጃንሆይ። እርስዎ በተናገሩ ቁጥር ሲሮጡ ኖረዋል። ነጋሪቱን የሚያስቆሙትም ለዚህ ነበር።"

ንጉሡ አለቀሰ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ ጠቢቡ ከሐይቅ ማዶ መጥታ በገበያ ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ሴት አስመጣ። ሴትዮዋ ንግሥቲቱን ልታነጋግር ስትነሣ ንጉሡ ከለከላት።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔን አስተምሪኝ" አላት። "እስከ ዛሬ እሷ ናት ወደ እኔ የመጣችው። አሁን እኔ ልሂድ።"

እሑድ እስኪደርስ ንጉሡ ከዓሣ ሻጯ ፊት ተቀምጦ አንዲት አጭር ጥያቄ ሲለማመድ ሰነበተ። ሴትዮዋ መሳቅ ፈልጋ ትፈራለች፣ ፈርታ ደግሞ ሳቋ ያመልጣታል። "ጃንሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረብዎት ይመስላሉ" አለችው። ንጉሡም አብሯት ሳቀ።

እሑድ ደረሰ። መኳንንቱ በንግሥቲቱ ክፍል ተሰበሰቡ። በውጭ የጉባኤው ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሰው ለሰው መሰማማት ያቅታል። ንጉሡ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበረከከና በዚያ በተሰነካከለ ምላሱ፣ በእናቷ ቋንቋ "ውሃ ጠምቶሻል ወይ?" ሊላት ጀመረ።

አልጨረሰውም። ነጋሪቱ እየተመታ፣ ቃሉ በንጉሡ አፍ ውስጥ እየተሰባበረ፣ ንግሥቲቱ ገና ከግማሹ ቀና ብላ መለሰችለት። ዓሣ ሻጯ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ለጉባኤው ተረጎመችው፤ "ጠምቶኛል። በጣም ጠምቶኛል፤ ማን እንደሚሰማኝ አጥቼ ነው" ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ገዳም ያነሣ ሰው አልነበረም። ንግሥቲቱ ውሃውን ጠጥታ በቋንቋዋ ብዙ ነገር መናገር ጀመረች። ንጉሡ ግን ከዚያች ጥያቄ በቀር የሚያውቀው የለም። ጎንበስ ብሎ ከንፈር ከንፈሯን እያየ ለመከተል ሞከረ፤ አልቻለም። ያን ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ ጮኸ፤

"ነጋሪቱን አስቁሙልኝ! ሚስቴ እየተናገረች ነው!"

ወዳጆቼ፣ የእናት ቋንቋ በር ሳያንኳኳ የሚገባ ቤተኛ ነው። ቤተኛ ሲገባ ሲወጣ ስለማይሰማን ስጦታነቱን እንረሳለን። ሌላው ሰው ግን የእኛን ቃል ለመስማት በየዕለቱ ሳይታይበት ይደክማል፤ እኛ ደግሞ ዝምታውን ኩራት፣ መዘግየቱንም ሞኝነት እንለዋለን። እስቲ በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየጎረቤታችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ስትቀልዱ ትንሽ ዘግይቶ የሚስቀው ሰው ማን ነው? ለእሱስ ነጋሪቱን አስቁማችሁለት ታውቃላችሁ?