ለወገብ የተሳለች ጊደር

በአንድ ወቅት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ወሩ ጥር ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋሱም ምርት ለማዝራት የተመቸ ነበር። ቢተው የሚባል ገበሬና ሚስቱ የውብዳር ጤፋቸውን ከአውድማ ወደ ቤት ለማጓጓዝ አህያቸውን አቆሙ።

አህያ ሲጫን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ጆንያውን ይይዙና እኩል ብድግ አድርገው ከአህያዋ ጀርባ ላይ ያሳርፉታል። አንዱ ቀድሞ ከለቀቀ ክብደቱ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል። ይህን በዚያ አገር ልጅም ያውቀዋል። ቢተውም ያውቃል። ነገር ግን ጆንያው ደረታቸው ላይ እንደደረሰ የጎረቤት በሬ ወደ ምርቱ ሲጠጋ አየና ጓል ሊወረውርበት እጁን ለቀቀ። በሬው ሸሸ። ቢተው ዞር ሲል የውብዳር መሬት ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛለች፤ ጆንያውም እግሯ ሥር ተጋድሟል።

«እግሬን አዳለጠኝ መሰለኝ» አለች።

ጆንያው ከልሏት ስለነበር እጁን አላየችም። ቢተው ምንም አላለም። ድሮም ቃል የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ የዚያን ቀኑ ዝምታ ግን ከወትሮው የተለየ እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

ተሸክሞ አልጋ ላይ አስተኛትና ከዚያ እንዳትነሣ አዘዘ። በዚያ አገር የታመመ ሰው ቶሎ ከተነሣ ቤተሰቡ ችላ ብሎታል ተብሎ ይታማል። ቢተው ደግሞ ችላ አለ መባልን ከማንም በላይ ፈራ። ወንዶች የማይሠሩትን ሥራ ሁሉ ሠራ። ጀሪካን ተሸክሞ ምንጭ ሲወርድ ሴቶቹ «ጋሽ ቢተው፣ ነገ ደግሞ ሹሩባ ተሠርተው ይመጣሉ?» እያሉ ሳቁበት። አልተቆጣም። ጠያቂዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል እያሉ አመሰገኑት። በተመሰገነ ቁጥር ከብቶቹን የሚያይ መስሎ እየተነሣ ይወጣ ነበር።

የውብዳር ግን አልተሻላትም። ጭራሽ ሰው ካልደገፋት መገላበጥ አቃታት። አንድ እሑድ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ ቢተው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ለሰኔ ሚካኤል የውብዳርን በእግሯ ደጀ ሰላሙ ላደረሰልኝ፣ ቡላዋን ጊደር እሰጣለሁ» አለ።

ከቤቱ ከብት ሁሉ ቡላዋን የሚያህል አልነበረም። ሦስቱ ልጆቹም ይህን ሰሙ።

መጀመሪያ የመጣው ትልቁ ልጅ መለሰ ነው። መለሰ ከአጎቱ የተማረ ወጌሻ ነው፤ አንድ በሬው ሞቶበት የሰው በሬ እየለመነ ያርስ ነበር። የእናቱን ወገብ በጣቶቹ ዳሰሰና አጥንቷ ደህና እንደሆነ፣ የደነገጠው ሥጋዋ እንደሆነ ተናገረ። በየምሽቱ ወንዙን ተሻግሮ እየመጣ እጁን በቅቤ አለስልሶ ያሻታል፤ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ እያሞቀ ይተኩሳታል። የውብዳር ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቃትት አደረች። ሰው ሳይደግፋትም ተገላበጠች። ብድግ ስትል ግን ሕመሙ እንደገና ጨምድዶ ይይዛታል።

ቀጥላ የመጣችው ዝናሽ ናት። ዝናሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ጊደሯን ብታገኝ አክስቷ ዘንድ አርብታ ለልጆቿ ወተት ልታስመጣ አስባለች። ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣች። የእናቷን እግር አንሥታ አየች፤ ጣቶቿን አስነቀነቀቻት፤ ይደነዝዝሽ እንደሆን፣ ሽንት ያስቸግርሽ እንደሆን ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀና አለች።

«አትነሺ ያላት ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ቢተው ዞረ።

«እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ያደከማት መተኛቱ ነው።»

ቢተው አጎነበሰ። አንድ ጊዜ ጥሏት፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አስሯት ኖሯል።

ዝናሽ እናቷን በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ ወገቧን ከፍ ማድረግ አስተማረቻት። በእጅና በጉልበቷ ቆማ አንድ እግሯን ወደ ኋላ መዘርጋትም አሳየቻት። የውብዳር «በስተርጅና ጥጃ አደረግሽኝ» ብላ ሳቀች፤ ቢተው ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘጋ። በየቅዳሜው ዝናሽ አንድ አዲስ ነገር ትጨምራለች። የውብዳር ወገቧ ጠነከረ፤ ቆመች፤ እንደ ልቧ ተቀመጠች። ከደጃፉ ግን አላልፍ አለች። እግሯን ወደ ውጭ ስታነሣ የአውድማው ቀን ይታያታል፤ ወገቧ እንደገና የሚቀጭ ይመስላታል። ዝናሽም ከቅዳሜ በቀር አትመጣም።

የመጨረሻው ወንድይፍራው ነው። ወንድይፍራው ከአባቱ ጋር የሚያርስ ትንሹ ልጅ ነው፤ ማሸትም አያውቅ፣ ትምህርትም አልገፋ። ሚስት ሊያገባ ያስባል፤ የራሴ የሚለው ከብት ግን የለውም። አንድ ጠዋት ከጓሮ ሆኖ እናቱን ጠራት። ጎመኑን ሊነቅለው ነው፤ የቱ የዘር እንደሆነ ጠፍቶታል። የውብዳር እየተሳደበች ወጣች፤ እስከ ጎመኑ ደረሰች። በሌላው ቀን አጥሩ ጋ፣ ከዚያም ምንጩ ጋ የሚጠይቃት ነገር አላጣም። ቆይቶ ትንሽ ማሰሮ አስያዛት። አንድ ቀን ግን መንገድ ላይ ወገቧ ያዛትና በሰው ትከሻ ተደግፋ ተመለሰች። ቢተው ዱላ አነሣ።

«ልትገድላት ነው?»

«ፈርታ ተኝታ ከምትኖር፣ አሟት ትሂድ» አለ ወንድይፍራው።

ማታ መለሰ አሻት፤ ቅዳሜ ዝናሽ መልመጃውን አቀለለችላት። ወንድይፍራውም በማግስቱ እንደገና ጠራት፤ ግማሽ መንገድ ብቻ።

ሰኔ ደረሰ። ዝናቡ ጀምሯል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። የውብዳር መቋሚያ ይዛ ወጣች፤ ሁለት ጊዜ አረፈች፤ የሚካኤል ዕለት ደጀ ሰላሙን ተሳለመች። ሴቶች እልል አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ቢተው ጊደሯን እየጎተተ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ወይራ ሥር መጣ። ልጆቹም ተሰበሰቡ።

«ሕመሙን ያወረድሁላት እኔ ነኝ። ሲያማት ብትውል ኖሮ ማን ነክቶ ያስነሣት ነበር?» አለ መለሰ።

«ሕመም ይወርዳል፣ ይመለሳልም። ወገቧ የቆመው በሠራችው ነው፤ ያሠራኋት እኔ ነኝ» አለች ዝናሽ።

«ታሽታም ጠንክራም ደጃፉን አላለፈችም። አባባ ያሉት በእግሯ ላደረሰልኝ ነው» አለ ወንድይፍራው።

ሽማግሌዎቹ ቢተውን ጠበቁት። የተሳለው እሱ ነው፤ የሚሰጠውም እሱ ነው። ቢተው ግን ገመዱን ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

«ጆንያውን እኔ ነኝ የለቀቅሁት» አለ በመጨረሻ። «አላዳለጣትም። በሬ ላባርር ብዬ ለቀቅሁ።»

የውብዳር መቋሚያዋ ላይ ተደግፋ አየችው።

«ይህን ለመናገር ጊደር መጎተት ነበረብህ?» አለችው። «ለከርሞ የምጭነው ከወንድይፍራው ጋር ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ቢተው አልሳቀም። የጣላት እሱ ሆኖ፣ ማን እንዳነሣት መፍረድ እንደማይገባው ወሰነ። የጊደሯን ገመድ ለትልቁ ሽማግሌ አስረከበ፤ የፈረዱትን እንደሚቀበል ተናገረ፤ ሚስቱንም ይዞ ወደ ቤት አቀና። ቦዩ ጋ ሲደርሱ መሬቱ ያሟልጭ ነበርና እጁን ዘረጋላት። ያዘችው። ቦዩን ከተሻገሩም በኋላ፣ ቤት እስኪገቡ ድረስ፣ አልለቀቃትም።

ወይራው ሥር ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ ሽማግሌ ያለ መለሰ እጅ የዝናሽን መልመጃ አትችለውም ነበር አለ። ሌላው ዝናሽ ባታጠነክራት በወንድይፍራው መንገድ ላይ ትቀር ነበር አለ። ሦስተኛው የወንድይፍራው ድፍረት ባይኖር የሁለቱም ልፋት ቤት ውስጥ ያልቅ ነበር አለ። መሸባቸው፤ ጊደሯም ጥጆች ወደሚጮኹበት ዞራ እምቧ አለች።

እነሱ ሳይስማሙ ተነሡ። የሰማችሁት እናንተ ናችሁና እስቲ ተናገሩ፤ ቡላዋ ጊደር የምትገባው ለማን ነው?