አዲሱ ቤተ መጻሕፍት እና የእትዬ ዘርትሁን ዓይን

ይህ ተረት ላም የለውም፣ በረትም የለውም። ያለው አንድ በር ነው።

መስከረም። ትምህርት ቤቱ አዲስ ዓመት ያዘ። ቀለሙ አዲስ፣ ቧንቧው አዲስ፣ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የአምስት ዓመት ዕቅድ አዲስ። ከሜዳው ጥግ ደግሞ ባለ ሰፊ መስኮት ቤተ መጻሕፍት ቆሟል። አዲሶቹ መጻሕፍት ተደርድረው አልቀዋል። መስኮቱ ግን ተጋርዷል፤ በሩም ተቆልፏል።

እትዬ ዘርትሁን ለተማሪ መጽሐፍ ሲያዋሱ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኮሪደር ላይ ከቆመ የብረት ቁም ሣጥን፣ መጻሕፍቱ በላይ በላዩ ተነባብረው። የዓይን ሐኪሙ በነሐሴ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ብርሃናቸው ገናን ቢሻገር ጥምቀትን አይሻገርም። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ ቆመው ማየት።

ሄደው በሩን ገፉት። በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፤ የእትዬ ዘርትሁን ዓይን ቀን አይጠብቅ።

ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጉርሜሳ ወጪ ማድረጊያው ቅጽ ላይ ርዕሰ መምህሩ ካልፈረሙ ሚስማር እንኳ አላወጣም አሉ። ጉርሜሳ ያለ ፊርማ ቁልፍ አይሰጡ፤ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፤ የእትዬ ዘርትሁን ዓይን ቀን አይጠብቅ።

ጥቅምት። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምትኩ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ሳይመረቅ ሰው ከገባበት ምኑ አዲስ ይባላል አሉ፤ ዛሬ እርስዎ፣ ነገ የጥበቃው አማት። ክቡር እንግዳው መጥተው ሪባን ይቁረጡ። ምትኩ ያለ እንግዳ አይፈርሙ፤ ጉርሜሳ ያለ ፊርማ ቁልፍ አይሰጡ፤ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፤ የእትዬ ዘርትሁን ዓይን ቀን አይጠብቅ።

ለእንግዳው ተደወለ። ጸሐፊያቸው ባነር አሠርታችኋል ወይ ብላ ጠየቀች። ፎቶ ሲነሱ ከኋላቸው ምን ሊታይ ነው? እንግዳው ያለ ባነር አይመጡ፤ ምትኩ ያለ እንግዳ አይፈርሙ፤ ጉርሜሳ ያለ ፊርማ ቁልፍ አይሰጡ፤ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፤ የእትዬ ዘርትሁን ዓይን ቀን አይጠብቅ።

ኅዳር። ማተሚያ ቤት። አታሚዋ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየቻቸው። «ቤተ መጻሕፍት» ከሚለው በፊት ባዶ ቦታ አለ። ስሙን የሚያመጣልኝ ጠፋ አለች። እትዬ ዘርትሁን ባዶውን ቦታ አዩት። ያዩት በአንድ ዓይናቸው ነው፤ ዳር ዳሩ ጨልሟል።

ስም አውጪው ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ፍሬሰንበት። ልጅ ሳለ ከዚያ ቁም ሣጥን ስንት መጽሐፍ ተውሷል። ስሙ ተመርጧል አላቸው፤ የባለስሙ የሕይወት ታሪክ ሳይያያዝ ግን ቃለ ጉባኤው አይጸድቅም። ማህደሩ ደግሞ ቢሮ ሲዛወር ጠፍቷል።

«ሰውየው ሞተዋል?»

«ኧረ በሕይወት አሉ።»

«ታዲያ አትጠይቋቸውም?»

በድንገት ሰምተው ደስ እንዲላቸው፣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማምለናል አለ።

«ምን ዓይነት ደስታ ነው፣ በር የሚያስዘጋ?»

ፍሬሰንበት ሳቀ። ያን ቀን ባይስቅ።

ኮሚቴው ያለ ታሪክ ስም አይሰጥ፤ አታሚዋ ያለ ስም ባነር አታትም፤ እንግዳው ያለ ባነር አይመጡ፤ ምትኩ ያለ እንግዳ አይፈርሙ፤ ጉርሜሳ ያለ ፊርማ ቁልፍ አይሰጡ፤ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፤ የእትዬ ዘርትሁን ዓይን ቀን አይጠብቅ።

ታኅሣሥ። ገና። ጥምቀት።

አልጠበቀም።

የካቲት። ፍሬሰንበት በኮሪደሩ ሲያልፍ እትዬ ዘርትሁንን ከቁም ሣጥኑ ፊት አገኛቸው። አንድ ተማሪ መጽሐፍ ጠይቋቸው በጣታቸው ይፈልጋሉ። ያወጡት ሌላ ነው። ተማሪው አመስግኖ ተቀብሎ ሄደ።

«እትዬ» አለ ፍሬሰንበት፤ «ሰውየው እርስዎ ነዎት።»

የቁም ሣጥኑን በር ዘጉት። ጻፍ አሉት። የት እንደተወለዱ፣ በስንት ዓመታቸው እንደተቀጠሩ፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማን እንደተዋሰ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ታሪኩ ተጻፈ፤ ኮሚቴው ስሙን ሰጠ፤ አታሚዋ ባነሩን አተመች፤ እንግዳው መጡ፤ ምትኩ ፈረሙ፤ ጉርሜሳ ቁልፉን አወጡ፤ በሩ ተከፈተ። ሁሉም በአንድ ሳምንት።

ሪባኑ ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ አለቀ። እትዬ ዘርትሁን የፍሬሰንበትን ክንድ ይዘው ገቡ። እጃቸውን በመደርደሪያው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ።

«ቆመዋል» አሉ።

ሲወጡ ደፉ ላይ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከበሩ በላይ የተጻፈውን አንብብልኝ አሉት። አነበበላቸው።

«ፊደሉ ትልቅ ነው?»

«በጣም ትልቅ ነው፣ እትዬ። ከመንገድ ማዶ ይነበባል።»

«አይ ልጄ» አሉ፤ «በጥቅምት ቢሆን ትንሹም ይበቃኝ ነበር።»