ብድግ ያላሉት አበቦች

ክብር የሚወዱ ፊታውራሪ ድንበሩ የሚባሉ ሹም ነበሩ። በግቢያቸው አበባ እንድታለማላቸው ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቀጠሩ፤ ማደሪያም ሰጧት። አበባው በፈካ ጊዜ ሊያዩ ገቡና በቁጣ ጮኹ።

«እኔ ስመጣ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል! ያንቺ አበቦች ግን ንቅንቅ አላሉም። ምክንያት ካላመጣሽ ዛሬውኑ ልጅሽን ይዘሽ ከግቢዬ ውጪ!»

ሴትዮዋ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ከበቀሉ ጀምሮ እርስዎን ሲጠብቁ እንደቆሙ ናቸው። እርስዎ ‹በእግዜር› ሳይሏቸው ማን ደፍሮ ይቀመጣል?»

ፊታውራሪ ደስ አላቸውና በየአበባው ፊት «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ዞሩ። ድንገት ወደ እግራቸው አዩ።

«ይሄ ሣርስ? እኔ ቆሜ እሱ ይተኛል? ባለጌ!»

«እሱማ ለመነሣት እየታገለ ነው ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ቆመውበት እንዴት ይነሣ?»