የወይራ ቅጠል ለምን ጦር መሰለ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ኧረ ድምፃችሁ የት ገባ! እሺ፣ ይሁን።

በድሮ ጊዜ ቢሻው የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። የአገሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ነው። ሰዎቹ ግን «ቀጥቃጭ ነው» ብለው ወደ ማዕዳቸው አያቀርቡትም። ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ደብሪቱ።

አንድ ቀን ወደ አገሩ ጭራቅ መጣ። ይኼ ጭራቅ ብረት ከሩቅ ይሸተዋል። ጦሩን ሁሉ ለቅሞ ገደል ጣለው። ከዚያ «በየገበያው ቀን አንድ ልጅ አምጡልኝ!» አለ። ዕጣ ተጣለ። ለደብሪቱ ወጣ።

ቢሻው እያለቀሰ ጫካ ገባ። «ልጄን አድንልኝ» ብሎ ዋንዛን ለመነ። «እፈራለሁ» አለው። ሾላን ለመነ። «እኔ ምን አገባኝ!» አለው። ወይራን ለመነ። ያኔ የወይራ ቅጠል ክብ ነበር።

«ቅጠሌን አግለህ ጦር አድርገው» አለው ወይራ። «ቅጠል ብረት ብረት አይሸትም። ግን አደራ! ጭራቁ እንደሞተ፣ ቅጠሌ ሳይቀዘቅዝ መልሰህ ክብ አድርግልኝ። እሳት የምችለው አንዴ ብቻ ነው። ወፎቼ ደግሞ ከዝናብ የሚጠለሉት በክቡ ቅጠሌ ነው።»

«አደራህን ብበላ ምድር ትብላኝ!» አለ ቢሻው።

ወናፉን ከዛፉ ሥር አመጣ። ወይራው ቅርንጫፉን ወደ እሳቱ ዝቅ አደረገለት። ቢሻው ቅጠሉን ቀጠቀጠ፣ አሾለ። ወይራው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ቻለው።

በገበያው ቀን ቢሻው ደብሪቱን ይዞ ከወይራው አጠገብ ቆመ። ጭራቁ መጣ። አሸተተ፤ ብረት የለም።

«ጌታዬ፣ ፀሐዩ በረታ። ጥላው ሥር አረፍ ብለው ይብሏት» አለው ቢሻው።

ጭራቁ ቁጭ አለ። ወይራው ቅርንጫፉን ሁሉ ቁልቁል ሰደደበት። ጭራቁ ድፍት!

«በል ቶሎ፣ ቅጠሌ ገና ትኩስ ነው» አለ ወይራ።

ወዲያው ሽማግሌዎቹ እየሮጡ መጡ። «ቢሻው፣ ና! ዛሬ ከእኛ ጋር ብላ!» አሉት። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ሆዱ ባባ። «አንዴ ጎርሼ ልምጣ» ብሎ ሄደ።

አጎረሱት። «አባዬ፣ ወይራው!» አለች ደብሪቱ። «መጣሁ» አለ። አጎረሱት። «አባዬ፣ ወይራው!» «መጣሁ አልኩሽ!» አሁንም አጎረሱት። በሦስተኛው ደብሪቱ እጁን ጎትታ አስነሳችው።

ሲደርስ ቅጠሉ ቀዝቅዟል። እሳት አነደደ፤ ቅጠሉ አልግል አለ። መዶሻውን አነሳ፤ ቅጠሉ አልበገር አለ። «ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው እያልኩ ለሰው የምነግር እኔ!» ብሎ ደረቱን መታ። ምን ዋጋ አለው! ዝናቡ ወረደ። ወፎቹ ረጠቡ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

ወይራው «ጠገብክ?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ዛፍ ለሰው ተናግሮ አያውቅም።

ልጆቼ፣ የዕፅዋት አዋቂዎች ረጅምና ጫፉ የሾለውን ቅጠል «ጦር መሰል» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ያዳነህን ሳትክስ ማዕድ አትቅረብ።

ተረቴን መልሱ፣ የወይራውን ዕንባ አብሱ።