ዶክተሩና የወለሉ ዱካ

ዶክተር ኅሩይ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ከአቶም ያነሰችውን ቅንጣት ከነእናቷ ስም ያውቃታል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ከርሞ የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ሆነ። ጠረጴዛው ከመስፋቱ የተነሳ ፊርማ ፈልጎ የሚሻገረው ሰው ስንቅ ይቋጥር ነበር።

አንድ ቀን የላቦራቶሪውን ጽዳት ሠራተኛ አስጠራት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅም። መሥራትሽን አሁኑኑ አስረጂኝ፤ አለዚያ መወልወያሽን አስረክበሽ ውጪ!"

ሴትዮዋ ሽርጧን አስተካከለች።

"ጌታዬ፣ 'የማይታይ ነገር በዱካው ይታወቃል' እያሉ ሲያስተምሩ እየወለወልኩ ሰምቻለሁ። የእኔ ዱካ የወለሉ ንጽሕና ነው፤ ሄደው ይዩት። ድሮ የእርስዎን የጫማ ጭቃ በየማለዳው ስወለውል ወገቤ ይቆረጥ ነበር። ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ግን እዚያ ወለል ላይ አንድም ዱካዎን አላገኘሁም። ተማሪዎችዎ 'ለመሆኑ ዶክተሩ አሉ?' ሲሉኝ በምን ላስረዳቸው?"

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ወደ ላቦራቶሪው ገሰገሰ።

"ኧረ ቀስ ይበሉ ጌታዬ!" አለችው ከኋላው፤ "ወለሉ ገና አልደረቀም!"