ያላደረው ምሁር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ይልቃል መነጽራቸውን አውልቀው። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ቶሎ መመለስ አይወዱም። የጠየቀቻቸው ስንዱ ናት፤ በዚያው ትምህርት ክፍል የምታስተምር ወጣት፣ ስለ ገጠር ሴቶች ማኅበራት የጻፈችው ጽሑፍ ሁለት መቶ አሥር ጊዜ የተጠቀሰላት። «ጋሼ፣ የምሁር ሥራ ክብደቱ በምን ይታወቃል? በጠቀሰው ሰው ብዛት አይደለም እንዴ?» ነበር ያለቻቸው።

አንድ ሰው ነበረ፤ ስለ ልማትና ስለ አስተዳደር የሚመራመር ምሁር። በወጣትነቱ፣ ገበሬዎች ከወንዝ በጠለፉት ቦይ ተራ እየጠበቁ ወደሚያጠጡበት አንድ ቀበሌ ሄደ። ቦዩን የሚያስጠርጉት፣ ተራውን የሚያስከብሩት ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ የውኃ አባት ይሏቸዋል። ምሁሩ መጠይቁን ይዞ የደረሰው ቦዩ ሊጠረግ ቀን በተቆረጠበት ዕለት ነው። ቦዩ ዳር ካለ ሾላ ሥር ቁጭ ብሎ እስከ ቀትር ጠበቀ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀ። አካፋ ይዞ የመጣ አንድም ሰው የለም። መኪና እንዳያመልጠው ቸኮለና ወደ ከተማ ተመለሰ።

ከዚያም ጻፈ። «የዚህ አገር ገበሬ ለጋራ ሥራ አይወጣም» አለ፤ በሠንጠረዥ አስደግፎ፣ አሳምሮ። እውነት ለመናገር ጽሑፉ ያምር ነበር። መጀመሪያ አሥር ሰው ጠቀሰው፤ ከዚያ መቶ፤ ከዚያ ስድስት መቶ። አንዱ ሌላውን እያየ ይጠቅሳል። ሰውየውም ባሕር ማዶ ይጋበዛል፤ የሥራ ዝርዝሩ ገጽ በገጽ ላይ ይጨምራል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ያን ጽሑፍ አንብቦ «እንግዲያው ቦዩን ተቀጣሪ ይጠብቀው» ብሎ የውኃ አባቱን ሻረ። ምሁሩ ይህን አልሰማም። የገዛ ስሙን ሲሰማ የሚውል ጆሮ ሌላ ነገር አይሰማም መሰለኝ።

ሃያ ዓመት አለፈ። ሰውየው ለፕሮፌሰርነት ታጨ። ኮሚቴው «ሥራህ ለኅብረተሰቡ ያስገኘውን ጥቅም አስረዳ» ስላለው፣ ማስረጃ ላምጣ ብሎ ወደዚያ ቀበሌ ሄደ። ቦዩ ደለል ሞልቶት ሣር በቅሎበታል፤ የታችኛው መሬት ጦሙን አድሯል። የቀድሞውን የውኃ አባት ሾላው ሥር ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኛቸው። ያኔ ቦዩ በሚጠረግበት ዕለት መጥቶ ስለ ቀበሌው መጻፉን፣ ጽሑፉም ስድስት መቶ ጊዜ መጠቀሱን በኩራት ነገራቸው።

«ስለ እኛ? እስቲ ያንብቡልኝ» አሉት።

ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ፤ ቢሆንም አነበባት። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ወደ ወንዙ ማዶ ቀሰሩ።

«ያን ዕለት» አሉ፣ «ከወንዙ ማዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቶ ነበር። ከየት እንደመጣ አይታወቅ፣ ዘመድ የለው። ዘመድ ስለሌለው አንድም ሰው አልቀረም፤ አካፋችንን ይዘን ሄደን ቀበርነው። ቦዩን በማግስቱ ጠረግነው። እርስዎ ግን አላደሩም።»

ምሁሩ ወረቀቱን አጠፈ።

«ስድስት መቶ ሰው ይህን አለ ይሉኛል» ሽማግሌው ቀጠሉ። «ከስድስት መቶው መጥቶ የጠየቀን አንድ እንኳ የለም። ድርጅቱ ‹እናንተ አብራችሁ አትሠሩም› ብሎ ቦዩን ለዘበኛ ሲሰጥ፣ ይህን ማን ነገራቸው እያልን ስንብሰለሰል ኖርን። ዘበኛውም በሦስተኛው ዓመት ሄደ። ሰዉ ደግሞ የእኔ አይደለም ብሎ ተወው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል፤ ለካስ ሥሩ እርስዎ ነበሩ።»

አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ያን ዕለት ግን አደረ። ከተማ ሲመለስ ያን ጽሑፍ ከማመልከቻው ውስጥ አወጣ። በታተመበት መጽሔትም ላይ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ማስተካከያ አሳተመ። ፕሮፌሰርነቱ ቀረ። ማስተካከያውን ይዞ ቀበሌው ተመለሰና ሾላው ሥር ሕዝቡን ሰብስቦ በአማርኛ አነበበላቸው። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ሳቀበት። በሳምንቱ ሽማግሌው ቀን ቆረጡ፤ ሰዉ አካፋውን ይዞ ወጣ፤ እሱም አብሮ ወጣ። የላይኛው ግማሽ ዛሬም ይፈስሳል። የታችኛውን ደለል ግን አልቻሉትም።

«ማስተካከያውንስ ስንት ሰው ጠቀሰው?» አለች ስንዱ ሳታስበው።

ጋሽ ይልቃል ሳቁ። «አየሽ? አሁንም ትቆጥሪያለሽ! አራት ሰው። ስድስት መቶው ደግሞ ዛሬ ሰባት መቶ ሆኗል።» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «የምሁር ቃል እንደዚያ ቦይ ነው፣ ልጄ። ከላይ የደፈረሰውን ታች ያለው ሁሉ እየቀዳ ያሳልፈዋል፤ የቀጂው ብዛት ውኃውን አያጠራውም። ካንቺም ሁለት መቶ አሥር ሰው ቀድቷል። ለመሆኑ ከጻፍሽባቸው ሴቶች የጻፍሽውን ስንቷ ሰምታዋለች?»

«አንዷም አልሰማችም» አለች ስንዱ።

«እንግዲያው ቆጠራውን ከእነሱ ጀምሪ» አሏት። «ስትሄጂ ደግሞ እደሪ።»